የጴጥሮስ ልጅ፦ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስና ፍርሃት

ከአንዲት የሕክምና ትምህርት ቤት ምሩቅ



ከሩቅ የመጣችሁ አብዛኞቻችሁ አዘዞ ከሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ ወርዳችሁ ነው ወደ ከተማ የገባችሁት። ከማረፊያው ብዙም ሳይርቅ ገነተ ኢየሱስ የሚባል ቦታ አለ። አፄ ሱስንዮስ ያሠሩት ነው፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። ተማሪዎች ሳለን በአዘዞ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላለስን! እኔ ግን ስድስቱን ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጎራ ብዬ አላየሁትም። የፋሲልን ግምብ ያላየ ተመራቂ የለም፤ የአባታቸውን መቃብር ያየን ግን ጥቂቶች ሳንሆን አንቀርም።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ንጉሡ አይደለም። በእሳቸው ዘመን፣ ጎንደር ገና ከተማ ሳትሆን፣ በጣና ዙሪያና በሰሜን ተራሮች ስለተመላለሰች አንዲት ሴት ነው። ንጉሡ ሊገድሏት ተነሥተው ሳይገድሏት ቀርተዋል፤ ሊያሳምኗት ሞክረውም አልቻሉም። ስሟ ወለተ ጴጥሮስ ይባላል። ከእናንተ መካከል ጣናን በጀልባ የተሻገረ፣ በዘጌ ያለፈ ወይም ቆራጣ የደረሰ ስሟን ሰምቷል። የሕይወቷን ታሪክ እስከ መጨረሻው የሚያውቅ ግን ብዙ አይመስለኝም።

ሐኪም ስለ ቅዱሳን ምን ይጽፋል የሚል እንዳለ አውቃለሁ። የእኔ ሥራ ከፍርሃት ጋር መዋል ነው። ውጤቱን የሚጠብቅ በሽተኛ ይፈራል፤ በር ላይ የቆመች እናት ትፈራለች፤ ሌሊት ብቻውን ክፍሉን የተረከበ ኢንተርንም ይፈራል። ፍርሃትን እንዴት እንደሚይዙት የሚያስተምር ኮርስ ግን አልተሰጠንም። የዚህችን እናት ገድል ሳነብ የፍርሃት ታሪክ ሆኖ ያገኘሁት ለዚህ ይሆናል።

ስሟና ወገኗ

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1592 ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ወገኖቿ ከቤተ መንግሥቱ የማይርቁ፣ ርስትና ጉልት ያላቸው መኳንንት ነበሩ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ይህ ሰው የአፄ ሱስንዮስ ባለሟልና የጦር አለቃ ነበር። በዚያው ዘመን በላስታ በንጉሡ ላይ ያመፀውም መሪ መልክአ ክርስቶስ ስለሚባል ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ፤ የእሷ ባል የንጉሡ ወገን ነው።

ስለ ስሟ ትንሽ ልበል። በአገራችን ለሕፃን የክርስትና ስም ሲወጣ የቅዱስ ስም ከፊት «ወለተ» ወይም «ገብረ» ተጨምሮበት ይሰጣል። ሰው በሰፈር በሌላ ስም ይጠራ ይሆናል፤ በቁርባን፣ በጸሎትና በፍትሐት የሚጠራው ግን በዚያ ስም ነው። ወለተ ጴጥሮስ ማለት የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው። ጴጥሮስ ደግሞ ወንጌልን ለሚያውቅ ሁሉ የደፋርም የፈሪም ምሳሌ ነው። ጌታውን እስከ ሞት እንደሚከተል ከፎከረ በኋላ፣ በሊቀ ካህናቱ ግቢ አንዲት ገረድ ስትጠይቀው ደንግጦ ካደ። ኋላ ግን ያው ፈሪ ሰው የማይናወጥ ሆነ። የዚህች ሴት ሕይወትም የተጻፈው በዚህ ስም ጥላ ሥር ይመስለኛል። አባቱ በገረድ ፊት ፈራ፤ ልጁ በንጉሥ ፊት ቆመች። በመካከሉ ያለውን መንገድ ነው ቀጥዬ የምነግራችሁ።

ሦስት ሕፃናት

በትዳሯ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ገድሏ ይህን ቶሎ ብሎ ያልፈዋል። እንደ መንፈሳዊ ጸሐፊ ዓይኑ ያለው ቀጥሎ በሚመጣው ምንኩስና ላይ ነው። ልጆቹ በእግዚአብሔር ፊት ደስ የሚያሰኙ የማይሆኑ ከሆነ እንዲወስዳቸው ትጸልይ እንደነበርም ይተርካል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆይቻለሁ። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሠራ ሰው ይህ ቃል እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል። በዚያ ዘመን ኢንኩቤተር የለ፣ አንቲባዮቲክ የለ፣ ክትባት የለ። ልጅ ወልዶ መቅበር የንግሥትም የገባርም ዕጣ ነበር። እናት ከምትፈራው ነገር ሁሉ የከፋው ይኸው ነው፤ እሷም ላይ ሦስት ጊዜ ደርሶባታል። ጸሎቷን ሁለት ዓይነት ማንበብ ይቻላል። አንዱ ዓለምን የናቀች ቅድስት ያደርጋታል። ሌላው ግን በሽተኛ አልጋ አጠገብ ከቆምን ሰዎች አይሰወርም፦ ልታድነው የማትችለውን ልጅ ሊይዘው ለሚችል አደራ መስጠት ነው። እናቶች ዛሬም በየክፍሉ በር ላይ እንዲህ ሲያደርጉ አይተናል። ከዚህ በኋላ በሕይወቷ የመጣውን ሁሉ ስናይ፣ ሰው ሊነጥቃት የሚችለው ውድ ነገር አስቀድሞ ከእጇ እንደወጣ እናስታውስ።

ከቤት መውጣት

ከልጆቹ ሞት በኋላ ልቧ ወደ ምንኩስና አዘነበለ። ባሏ የሚለቃት ሰው አልነበረም፤ ይወዳት ነበር፣ ሹመቱም ትልቅ ነበር። ከጣና ገዳማት የመጡ መነኮሳት ረድተዋት በሌሊት ከቤቷ ወጣች። እስከዚያ ቀን ድረስ ያለ አጃቢ የማትሄድ፣ በበቅሎ የምትጓዝ፣ ውኃ እንኳ በሌላ ሰው እጅ የሚቀዳላት ወይዘሮ በጨለማ በእግሯ ሄደች።

መልክአ ክርስቶስ ይህን ሲሰማ ሠራዊቱን ይዞ ተከተላት። ተጠልላበት የነበረውንም አገር አጠፋው። ድሃው ገበሬ በማያውቀው ነገር ቤቱና እህሉ ወደመበት። ወለተ ጴጥሮስ ይህን ስታይ ወደ ባሏ ተመለሰች።

በመመለሷ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስለ እምነት ጀግኖች ሲነገር ወደፊት መራመዳቸውን ብቻ መስማት ለምደናል። እሷ ግን ለራሷ ነፃነት ሌላው ሲቃጠል ዝም ብላ አላየችም። ወደምትፈራው ቤት የተመለሰችው ሌሎችን ለማትረፍ ነው። ድፍረት ሁልጊዜ መሸሽ ወይም መጋፈጥ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። አንዳንዴ ድፍረት መመለስ ነው።

ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ የወጣችበት ምክንያት ከራሷ ሕይወት ያለፈ ነበር። የአገሪቱ ጳጳስ አቡነ ስምዖን ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ማዘንበላቸውን በመቃወም ካመፁት መኳንንት ጋር ቆመው እ.ኤ.አ. በ1617 በጦር ሜዳ ተገደሉ። መልክአ ክርስቶስ በድል አድራጊው ወገን ነበር፤ የተገደሉት አባት ልብስም በዘረፋ ወደ ቤቱ እንደገባ ገድሏ ይናገራል። ወለተ ጴጥሮስ የጳጳስን ደም ካፈሰሰ ወገን ጋር በአንድ ማዕድ አልቀመጥም፣ በአንድ አልጋም አልተኛም አለች። ባሏ በልመናም በቁጣም ሞክሮ ሊመልሳት ስላልቻለ ለቀቃት። ጠጉሯን ተላጭታ፣ ቆብ ደፍታ መነኮሰች። ዕድሜዋ 25 ዓመት ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ እህል መፍጨት፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም ሥራዋ ሆነ። እጇ የማያውቀውን ሁሉ ተማረች። በዚሁ ጊዜ እኅተ ክርስቶስን አገኘች። እሷም ባለጸግነቷንና ትዳሯን ትታ የመነነች ሴት ነበረች። ሁለቱ ገና እንደተያዩ የቆየ ዘመድ እንዳገኙ ያህል ተዋደዱ ይላል ገድሉ፤ ሞት እስኪለያቸውም ድረስ አልተለያዩም። ይህን ጓደኝነት እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። ሰው ፍርሃትን ብቻውን አያሸንፍም። በሌሊት ተረኝነት አብሯችሁ የነበረውን ጓደኛ አስታውሱ፤ ያን ሌሊት ማን አሳለፈው?

ዋልድባ፦ ሌላው ፍርሃት

የንጉሡ ግፊት እየበረታ ሲሄድ ሁለቱ ከጣና ዙሪያ ተነሥተው ወደ ሰሜን ወጡ፤ ጸለምትና ዋልድባ ደረሱ።

አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከጎንደር ወደ ትክል ድንጋይ ስትወጡ ከአምባው ጫፍ ላይ መሬቱ በድንገት ወደ ታች ይወርዳል። በስተ ምዕራብ እስከ ሱዳን የሚዘረጋው ቆላ ይታያል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ ተራራው በተራራ ላይ እየተደራረበ ወደ ዋልድባ ይሄዳል። ለቲቲፒ በየጤና ጣቢያው ስንሰማራ መኪናው የማይገባበት ቀበሌ ላይ ወርደን በእግራችን መሄዳችንን አትረሱትም። ውኃ ያልቅብናል፣ እግራችን ይላጣል፣ ማታ ደግሞ እየሳቅን እናወራዋለን። እኛ ጫማ ነበረን፣ ደብዳቤም ይዘን ነበር። እነሱ በዚያ ገደል የተጓዙት ከንጉሥ ዓይን እየሸሹ ነው።

ዋልድባ እህል የማይቀመስበት፣ መነኮሳቱ በሥራ ሥርና በቅጠል የሚኖሩበት የታወቀ ገዳም ነው። እዚያ ወለተ ጴጥሮስ የፈለገችውን ያገኘች መስሏት ነበር፤ መደበቅን፣ ጸሎትን፣ ማንም የማያውቃት መሆንን። የመጣባት ግን ሌላ ጥሪ ነው። ብዙ ሰዎችን እንድትሰበስብ፣ ማኅበራትን እንድታቆም፣ ነፍሳትን እንድትጠብቅ በራእይ ታዘዘች።

እሷ ግን እንቢ አለች። እኔ ትቢያ ነኝ፣ ራሴን እንኳ ማዳን የማልችል ደካማ ነኝ፣ ሌላውን እንዴት እመራለሁ ብላ ተከራከረች፤ አለቀሰችም። ገድሏን ስታነቡ ንጉሡን የፈራችበት ቦታ አታገኙም፤ ኃላፊነትን የፈራችበት ግን በግልጽ ተጽፏል። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ እውነተኛው ክፍል ይህ ነው። ሞትን የማይፈራ ሰው አውቃለሁ፤ የሌላ ሰው ሕይወት በእጁ ሲሰጠው የማይፈራ ሐኪም ግን አላየሁም። ካያችሁትም ከእሱ ሽሹ።

መልሱ እሷ ጠንካራ ናት የሚል አልነበረም። የሚጠብቃቸው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ የእሷ ድርሻ መታዘዝ ብቻ እንደሆነ ተነገራት። በዚህ ተረጋጋች። እምነት ፍርሃትን እንዴት እንደሚያሸንፍ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቦታ አላውቅም። ድካሟ አልተወገደላትም፤ ሸክሙ የማን እንደሆነ ነው የተነገራት። የጴጥሮስ ልጅ መባሏ እዚህ ላይ ትርጉም አገኘ። ጴጥሮስም ከክህደቱ በኋላ በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ ሲሰጠው፣ የተጠየቀው ስለ ብርታቱ ሳይሆን ስለ ፍቅሩ ነበር።

በንጉሡ ፊት

ከዚያ በኋላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ሕዝቡ የአባቶቹን እምነት እንዳይለውጥ አስተማረች፤ ካህናቱም በቅዳሴ የንጉሡን ስም እንዳይጠሩ መከረች። በዚያ ዘመን ይህ ከአመፅ የሚቆጠር ነው። አፄ ሱስንዮስ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት ተቀብለዋል፤ በ1626 ደግሞ በደንቀዝ ቤተ መንግሥታቸው በፓትርያርኩ በአፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መታዘዛቸውን በይፋ አረጋገጡ። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ በዓላቱና ጾሞቹ እንዲለወጡ ታዘዘ።

ለካቶሊክ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ክብር ሲባል አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። በዚህ ታሪክ የተፈረደበት እምነቱ ሳይሆን ግዴታው ነው። ግዴታው ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ያው ነው። በአገራችን ታሪክ ሰው በሃይማኖቱ የተገፋው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳልሆነም እናውቃለን።

ወለተ ጴጥሮስ ሁለት ጊዜ ወደ ችሎት ቀረበች። መጀመሪያ ወገኖቿ ለምነው አስጣሏት። ሁለተኛ ጊዜ ግን የንጉሡ ቁጣ ወደ ሞት ፍርድ ደርሶ ነበር። ያኔ የተናገረላት የማይጠበቅ ሰው ነው፤ የቀድሞ ባሏ መልክአ ክርስቶስ። ከመግደል ይልቅ ለፓትርያርኩ ትሰጥና ያስተምሯት ብሎ ንጉሡን መለሳቸው። አገር አጥፍቶ የተከተላት ሰው ነፍሷን አተረፈ። ታሪክ ሰውን በአንድ ቀለም እንዳንቀባው እንዲህ ያስተምረናል።

ሜንዴዝ የተማረ ሰው ነበር፤ ክርክሩንም ያውቅበታል። እሷ ደግሞ ሀብቷን፣ ባሏን፣ ልጆቿን አስቀድማ የሰጠች ሴት ናት። በምን ያባብሏታል? በምንስ ያስፈራሯታል? ምክሩ ሁሉ አልሠራም። የቤተ መንግሥቱ ወይዛዝርት ብዙዎቹ እንደ እሷ በአቋማቸው እንደጸኑ የዘመኑን ታሪክ ያጠኑ ምሁራን ያስተውላሉ። ባሎቻቸው ለሹመት ሲሉ ሲያድሩ ሴቶቹ እንቢ አሉ። በመጨረሻ ንጉሡ ወለተ ጴጥሮስን ወደ ምዕራብ ቆላ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል ቦታ አጋዟት።

ዠበይ

ደገኛን ወደ ጠረፍ ቆላ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የወቅት ሠራተኞች ከደጋ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርደው ሲመለሱ ምን ይዘው እንደሚመጡ በየዋርዱ አይተናል፦ ወባና ካላዛር። ሆዱ በጣፊያ ያበጠ፣ ሰውነቱ የመነመነ ወጣት አልጋ ላይ ተኝቶ ያላየ የጎንደር ተማሪ የለም። ዩኒቨርሲቲያችን በካላዛር ሕክምናና ምርምር የታወቀውም ይኸው ቆላ ቅርባችን ስለሆነ ነው። በሽታውን ለምዶ ያላደገ የደጋ ሰው ያለ መድኃኒት፣ ያለ አጎበር እዚያ ሲጣል ሰይፍ ሳይመዘዝ የተፈረደ የሞት ፍርድ ነው።

ሦስት ዓመት ቆየች። የሚጠብቃት ሰው በመጀመሪያ ክፉ እንዳሰበባትና ኋላ ግን ፈርቷትና አክብሯት እንደተወ ገድሏ ይተርካል። እስረኛዋ ሳትፈራ ጠባቂው ፈራ። ከዚህም የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። በየቦታው በእምነታቸው የተገፉ ሰዎች ያለችበትን እየሰሙ ወደ ዠበይ ይመጡ ጀመር። እኅተ ክርስቶስም መጣች። ንጉሡ ብቻዋን ትሙት ብለው በላኩበት በረሃ የመጀመሪያው ማኅበር ተቋቋመ። በዋልድባ እንቢ ብላ ያለቀሰችበት ኃላፊነት በስደት ቦታ ሳታቅድ እጇ ላይ ወደቀ፤ ያኔ አልሸሸችውም።

ከስደት በኋላ

በአገሩ ላይ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት በሺህ የሚቆጠር የገዛ አገር ሕዝብ አለቀ። ንጉሡ ድል ቢያደርጉም የወደቀውን ገበሬ አይተው ልባቸው ተሰበረ። በዚያው ዓመት እያንዳንዱ በአባቶቹ እምነት እንዲኖር ፈቀዱ፤ መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ትተው ከጥቂት ወራት በኋላ አረፉ። አዘዞ የተቀበሩት ያኔ ነው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ፤ እኛ የተማርንባት ከተማ ታሪኳ ከዚህ ይጀምራል።

ብዙ ሰው ትግሉ ሲያልቅ ያርፋል። ወለተ ጴጥሮስ ግን ከባዱን ሥራ የጀመረችው ያኔ ነው። ከዠበይ በኋላ በደንቢያ ጫንቋ፣ በዘጌ፣ በአፈር ፈረስና በሌሎችም ቦታዎች ማኅበራት አቋቋመች፤ በድምሩ ሰባት ደረሱ። ወንዶችም ሴቶችም ነበሩባቸው፤ የሁሉም መሪ ግን እሷ ነበረች። ከመሳፍንት ቤት የመጣችውም፣ የገባር ልጅም፣ ባሪያ የነበረችውም በአንድ ሥርዓት ይኖራሉ፤ የእኔ የሚባል ንብረት የለም። እሷም እየፈጨችና እየቀዳች ትመራቸው ነበር።

ጫንቋ ያለችበት ደንቢያ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ነው ለትምህርት ቤታችን መቋቋም አንዱ ምክንያት የሆነው። በቀጣዩ ዓመት የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተብሎ ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሪያን ባለሙያዎችን በአንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ጀመረ። በዚያ ለምለምና በሽታ በማያጣው ሜዳ፣ ከ300 ዓመት በፊት፣ አንዲት ሴት ከየቦታው የተፈናቀሉትን ሰብስባ ታበላና ታስታምም ነበር። ይህን ሳስብ በአንድ መንገድ ላይ በተለያየ ዘመን የተጓዝን ይመስለኛል።

ዕረፍቷ

በ50 ዓመቷ ታመመች። ሕመሙ ሦስት ወር ወሰደ። በሽታዋ ምን እንደነበር በመገመት ጊዜ አላጠፋም፤ እናንተም ልማድ ሆኖባችሁ ምርመራ አትጻፉላት። ከዚያ ይልቅ የሚያስደንቀኝ በሕመሟ ጊዜ ሐሳቧ ያለው ማኅበሩ ላይ መሆኑ ነው። እኅተ ክርስቶስ በእሷ ቦታ እንድትቆም አደረገች። ከዚያም ኅዳር 17 ቀን፣ እ.ኤ.አ. በ1642 ዐረፈች። ከመነኮሰች 26 ዓመት ሆኗት ነበር። እኅተ ክርስቶስ አደራዋን ተቀብላ እ.ኤ.አ. በ1649 እስክታርፍ ድረስ ማኅበሩን መራች።

ብዙም ሳይቆይ አፄ ፋሲል በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ቆራጣ ላይ ለማኅበሯ መሬት ሰጡ፤ ገዳሟም እስከ ዛሬ አለ። ይህ ቦታ ለብዙ ዘመን ንጉሥ የተቆጣው ሰው ሸሽቶ የሚገባበት መማጸኛ ሆኖ ኖሯል። በሕይወቷ ከንጉሥ ቁጣ መጠለያ አጥታ ከአገር አገር የተንከራተተች ሴት፣ ከሞተች በኋላ ስሟ ለፈራ ሁሉ መጠለያ ሆነ። የአባት አሳዳጅነት የልጅ ስጦታ ሆኖ ሲመለስ እዚህ ላይ ይታያል።

ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። የጻፈው የሚያውቋት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ፣ የማኅበሯን አባላት እየጠየቀ ነው። ስለዚህ ነው መጽሐፉ ውስጥ ዕንባዋም፣ ቁጣዋም፣ እንቢታዋም ያለው። ኢጣሊያዊው ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1912 አሳተመው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር ወደ እንግሊዝኛ መለሱት፤ ከዚያ ወዲህ ስሟ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎችም ይነሣል። የእኛው ልጆች ግን በጓሯችን ያለውን ከሩቅ እንዳንሰማ እፈራለሁ።

ለእኛ

ከዚህ ሕይወት ምን እንያዝ? ሁላችንም ኦርቶዶክስ አይደለንም፤ ሁላችንም ክርስቲያን አይደለንም። በአንድ ዶርም ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ኦርቶዶክሱም አብረን አድረን፣ በፈተና ሰሞን ሁላችንም በየፊናችን ስንጸልይ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የኔ እምነት የእሷ እምነት ነው፤ የማነበውም እንደ ልጅ ነው። የሌላችሁም ቢሆን አንድ ነገር የምትወስዱ ይመስለኛል።

ሰው ሲፈራ መጀመሪያ የሚጠፋበት ማንነቱ ነው። በንጉሥ ፊት ሹመቱ ይሆናል፤ በበሽታ ፊት አካሉ ይሆናል፤ በሰው ፊት ስሙና ዲግሪው ይሆናል። እነዚህ ሲነኩ ራሱ የተነካ ይመስለዋል። ወለተ ጴጥሮስ የመኳንንት ልጅ፣ የባለሟል ሚስት፣ የሦስት ልጆች እናት ነበረች፤ ሁሉም አንድ በአንድ ተወሰደባት። የቀራት በጥምቀት የተሰጣት ስም ነው። የማን እንደሆነች ታውቅ ነበር። ያንን ደግሞ ንጉሥ አልሾማትም፣ ስለዚህ ሊሽራት አልቻለም።

የምንኖርበት ጊዜ ቀላል አይደለም። ብዙዎቻችሁ በዚህ አካባቢ በመንገድ መዘጋት፣ በመድኃኒት እጥረት፣ በተኩስ ድምፅ መካከል ሥራችሁን እየሠራችሁ ነው። ብዙዎቻችሁም ባሕር ተሻግራችሁ ከስማችሁ አጠራር ጀምሮ ሁሉን እንደገና እያስረዳችሁ ትኖራላችሁ። ፈሪ ነን ብላችሁ የምታዝኑ ካላችሁ፣ ይህች እናት በዋልድባ አልችልም ብላ ማልቀሷን አስቡ። ፍርሃቷ ሳይወጣላት ነው የተነሣችው። ተነሥታ ደግሞ ለራሷ አልኖረችም፤ ሌላው የሚጠለልበት ቤት ሠራች።

ለበዓሉ የመጣችሁ ቀን ካላችሁ ከባሕር ዳር ወይም ከጎርጎራ በጀልባ ጣናን እዩት። ወደ አውሮፕላኑ ስትመለሱም አዘዞ ላይ ገነተ ኢየሱስ ጎራ በሉ። ለሟቹ ንጉሥ ነፍስ ይማር በሉላቸው፤ ያሳደዷትም ብትሆን ሌላ የምትል አይመስለኝም።

በጤና ያገናኘን።